ከስድሳ በላይ

ሥራዬ ይኸው ነው፤ በሰው ድስት መሐል መርፌ መስደድ፣
ቁጥሩን ማንበብ፣ መጻፍ፣ ፈርሞ መሄድ።
መረቁ ስድሳ ዲግሪ፣ ከዚያም በላይ ከሆነ
ባለ ድንኳኑ ዳነ።
በታች ከወረደ ግን፣ ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም
ይደፋል፤ ብዕሬ አያላምጥም።

ቶሮንቶ፣ ስፓዳይና፣ የጥቅምት ቅዳሜ፤
ትራሙ ሲያልፍ መሬቱ ይነዝረኛል ከጫማዬ እስከ ቅልጥሜ።
ከባንኩ ጀርባ ባለች ቀጭን ጉራንጉር
አሥራ አንድ ድንኳን ቆሟል፣ እንፋሎት ሲያጉተመትም፣ ዘይት ሲያንጎራጉር።

ሦስተኛው የአቶ ማ ነው፤ ከላንዡ የመጣ፣
ሊጥ ጎታች፣ ክንደ ብርቱ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ።
ይዘረጋዋል ሊጡን ክንዱ እስኪደርስ ድረስ፣
ለሁለት ያጥፈዋል፤ ይዘረጋል በአዲስ።
አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፤
ጧ! ይላል ገበታው፤ ዱቄት ይቦናል በቅጽበት።
ስምንት ጊዜ ቢያጥፈው (አስልቼዋለሁ በቅጼ ጥግ ላይ)
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ክር፤
ከአንድ ጭብጥ ሊጥ ይህ ሁሉ ይመዘዛል ወይ?

መርፌዬን ሰደድኩ። ሰማንያ አራት።
«ጥሩ ነው» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ በኩራት፤
ጎድጓዳ ሳህን አንስቶ ሞላልኝ፣
ቀይ ዘይት ጠብ አርጎ፣ የድንብላል ቅጠል በትኖ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።
«አልችልም፤ ክልክል ነው።» ደንቡ እንዲህ ይላል፦
ከመዘንከው አትብላ፤ የበላ ሚዛን ያደላል።
ሳህኑን አስቀመጠው። ፊቱ አልጠቆረም፤
ግን የእኔን ድርሻ ለሌላ ሰው አላዞረም።

ከጎኑ ወይዘሮ ላው፣ የእንቁላል ታርት ጋጋሪ፣
የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ከማንም ጋር ተከራካሪ።
ቅርፊቱ ድርብርብ ነው፣ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል፤
መሐሉ ቢጫ፣ ይርገበገባል ገና ከምድጃው ሲነጠል።
«ማቀዝቀዣዎ ሰባት ነው፤ ከአራት ማለፍ የለበትም።»
«በሩን ከፍተው ይዘውት ነዋ! እንዲህ ከሆነ ባሕሩም አይቀዘቅዝም!»
ዘጋሁት። አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ። ሦስት ከግማሽ አለ።
ሳቀችብኝ፤ ዱቄት ከቅንድቧ ላይ እንደ ተንጠለጠለ።

እሑድ፣
መታወቂያዬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣
ሌላ ካፖርት ለብሼ፣ ኮፍያዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ፣
ተመለስኩ እንደ ሌባ፣
አሥር ዶላር ጨብጬ፣ ከአንድ ተማሪ ጀርባ።

አቶ ማ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።
ቆረጠ፤ አጠፈ፤ ጧ! እጁ እንደ ትናንቱ ነው፣ አልዘገየም፣ አልቸኮለም።
ሳህኑን ሞላና
ከሽርጡ ኪስ የገዛ ራሱን ቴርሞሜትር አወጣ፤
መረቄ ውስጥ ነከረው፤ ጠበቀ፤ ወደ ዓይኔ አመጣ።
ሰባ ዘጠኝ።
በንፁህ ጨርቅ ወልውሎ ኪሱ ከተተው። አልሳቀም።
ቅጽ ቢኖረው ይፈርም ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ክሩ አያልቅም፤ አንዱን ስስበው ሌላው ይከተላል።
በእኛ ቤት ሲበላ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው ይባላል፤
እዚህ ግን ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ ሲምጉት ከመንገድ ማዶ ይሰማል።
አቶ ማ በዚያ ድምፅ ነው ምስጋናውን የሚቆጥረው።
እኔም ማግሁት፤ መጀመሪያ በኀፍረት፣ ኋላማ ማን ይቁጠረው።
አፍንጫዬ ፈሰሰ፤ ቃሪያው ጆሮዬ ድረስ ዘለቀ፤
ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳላውቅ መረቁ አለቀ።

«ሁለት ዶላር!» ወይዘሮ ላው ታርት ይዛ ከጎኔ።
«ነፃ አይደለም፤ ደንብ አለ፤ አይደል እንዴ ወገኔ?»
ከፈልኩ። ቅርፊቱ ተፈረካከሰ፤ ደረቴ ላይ ዘነበ፤
ምላሴን የፈጀው ቃሪያ ከእንቁላሉ ጋር ታረቀ፣ ረገበ።

ሰኞ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።
«ስፓዳይናን ለሌላ ሰው ስጡልኝ።»
«ምን አጠፉ?»
«ምንም።»
«ታዲያ?»
ምክንያት የሚለው ሳጥን ላይ ብዕሬ ቆሞ ቀረ።
እሷ እጅጌዬን አየች። አንዲት ቀይ የዘይት ጠብታ፣
ከእሑድ የተረፈች፣ ደርቃ፣ ጠርዟ ብርቱካን ቀለም አውጥታ።
ጥቂት ዝም አለች።
«ስንተኛው ድንኳን ነው?» ብላ ፈረመች።